ሕፃኑ እንዲተርፍ እናቱን እናብላ

 

የዛሬው ትምህርታችን በአንድ ሌሊት ታሪክ ይጀምራል። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ነጋዴዎች መዲና ደርሰው ከመስገጃው ቦታ ሰፈሩ። ዑመርና አብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሌሊቱን ሲጠብቋቸው አደሩ። ዑመር የሕፃን ለቅሶ ሰሙና ወደ እናቱ ሄደው ልጇን እንድታባብለው ነገሯት። ጥቂት ቆይቶ አለቀሰ፤ ተመልሰው ነገሯት። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ለቅሶውን ሰሙ። ምን ሆኖ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ማንነታቸውን ያላወቀችው ሴት፣ ጡት ልታስጥለው እየታገለች እንደሆነና እሱ ግን እምቢ እንዳላት ነገረቻቸው። ለምን ቢሏት፣ ዑመር ድጎማ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው አለች። ልጁ ገና የወራት ዕድሜ ነበረው።

ኢብኑ ሰዕድ እንደዘገቡት፣ ዑመር ያን ቀን ሱብሒን ሲያሰግዱ ከለቅሶ ብዛት የሚቀሩት ለሰዎች አይሰማም ነበር። ሶላቱ እንዳለቀ በሙስሊም ልጆች ላይ ባደረሱት ጉዳት ራሳቸውን ወቀሱ። ከዚያም እናቶች ልጆቻቸውን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩሉ፣ ድጎማውም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕፃን እንዲሰጥ አሳወጁ፤ ይህንኑም ወደየግዛቱ ጻፉ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልብ በሉ። የዑመር ድጎማ በመልካም ሐሳብ የተጀመረ ነበር። ለልጆች ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ነበር። ነገር ግን የተሰጠበት መንገድ ሕፃኑን ከእናቱ ጡት ነጠለው። መልካም ኒያ ብቻውን አልበቃም። ዑመርን ታላቅ ያደረጋቸው ስህተታቸውን ባወቁበት ማለዳ ማረማቸው ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ጎርፍ፣ ናዳ፣ ድርቅ ወይም መፈናቀል ሲደርስ መጀመሪያ የምንሮጠው እኛ ወጣቶች ነን። በስልክ እንጠራራለን፤ ከመስጊድ በር ላይ ጨርቅ ዘርግተን እንሰበስባለን። ሩዝ፣ ማካሮኒና ልብስ እንገዛለን። አንዱ ደግሞ «ለሕፃናትስ?» ይላል። ያኔ ሁላችንም ወደ አንድ ነገር እናያለን፤ የቆርቆሮ ወተትና ጡጦ። ልባችን ንጹሕ ነው። ግን ሳናውቀው የዚያችን ሌሊት ስህተት እየደገምነው ሊሆን ይችላል።

አደጋ ለእኛ ሩቅ አይደለም

በአዊ ዞን የምንኖር ሰዎች መሬታችን ለምለም፣ ዝናባችን የበዛ ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ድንቹና ገብሱ ይታያል። ስለዚህ ረሃብና መጠለያ የሌላ አካባቢ ጉዳይ ይመስለናል። ግን የቅርብ ታሪካችንን እናስታውስ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎንና ሌሎች አካባቢዎችን ሲመታ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተወስደው በጎረቤታችን መተከል፣ በጣና በለስ (ፓዊ) ሰፈሩ። ከእነሱም ብዙዎቹ ሙስሊም ወገኖቻችን ነበሩ። ከደጋ የመጡት ሰዎች በቆላው ወባ ጠበቃቸው። ድርቁ ካበቃ በኋላም መከራው በእናቶችና በሕፃናት ላይ ቀጠለ።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ከመተከል ዞን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሸሽተው ወደ አዊ ዞን መጡ። ብዙዎቹ ቻግኒ አጠገብ «ራንች» በሚባለው ቦታ ተጠለሉ። ያ የተፈጥሮ አደጋ አልነበረም፤ ሰው ሠራሽ ግጭት ነበር። ይሁንና ለአንዲት አራስ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ቤቷ ጎርፍ ወስዶት ይሁን ጥይት አስጥሏት፣ ማታ በሸራ ሥር የምትተኛው ያው እናት ናት። ሕፃኑም የሚጠይቃት ያንኑ ጡት ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳም አንረሳውም። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹም ብዙዎቹ መጀመሪያ በናዳው የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በወቅቱ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከአካባቢው መነሳት እንዳለባቸው ሲገልጽ፣ በመካከላቸው ከ1,300 በላይ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናትና ከ5,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች እንዳሉ ተናግሯል። ቁጥሩን ቆም ብላችሁ አስቡት። የአደጋ ዜና የሚነግረን የሞቱትን ነው። የተረፉት ውስጥ ግን ሁልጊዜ አራስ አለች፤ ሁልጊዜ ነፍሰ ጡር አለች።

በጎ አድራጎት ሕፃን ሲያሳምም

አሁን ወደ ቆርቆሮ ወተቱ እንመለስ። በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ወር (እ.ኤ.አ. 2006) በሙስሊሞች አገር በኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሰዉ ተረባረበ። ከተለገሰውም አንዱ የሕፃናት የዱቄት ወተት ነበር፤ ትንሽ ልጅ ላላቸው ብዙ ቤቶች ያለ ልዩነት ታደለ። በኋላ ጥናት ሲደረግ፣ ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት ውስጥ የዱቄት ወተት የሚጠጡት ከአደጋው በፊት ከነበረው ጨምረው ተገኙ። የተለገሰውን ወተት ካገኙት ትንንሽ ልጆች መካከል በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው 25 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካላገኙት መካከል ግን 12 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስጦታው የደረሰበት ቤት በሽታው እጥፍ ሆነ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በአፍሪካዊቷ ቦትስዋና ከባድ ዝናብና ጎርፍ ነበር። ብዙ እናቶች ኤች አይ ቪ እንዳይተላለፍ በሚል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዱቄት ወተት ነበር። ውሃው ሲበከል ተቅማጥ ተዛመተ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ሞቱ። ጉዳዩን ያጣሩ ባለሙያዎች ሆስፒታል የገቡት ሕፃናት በአብዛኛው ጡት የማይጠቡት መሆናቸውን አገኙ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዱቄት ወተት ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ማፍያ እሳት፣ የሚታጠብ ዕቃ፣ ሳሙናም ይፈልጋል። ቆርቆሮው ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ ይፈልጋል። በመጠለያ ከእነዚህ አንዱም አስተማማኝ አይደለም። እናት ወተቱ እንዲበረክትላት ብላ ታቀጥነዋለች። ጡጦ ደግሞ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፤ ጀርም የሚደበቅበት ጥግ ብዙ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሕፃኑ በጡጦ ጠግቦ ጡት ሲተው የእናቱ ወተት መቀነሱ ነው። የሰጠነው ቆርቆሮ በሳምንት ያልቃል። ያስተውነው ጡት ግን በቀላሉ አይመለስም።

«ወተቴ ደረቀ»

በመጠለያ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ቃል ነው፤ «በድንጋጤ ወተቴ ደረቀ»። እናቲቱ አልዋሸችም። ድንጋጤና ሐዘን ወተቱ እንዳይፈስ ለጊዜው ሊያግዱት ይችላሉ። ግን ወተቱ መመረቱን አቆመ ማለት አይደለም። ጡት የሚሠራው እንደ ምንጭ ነው፤ በተቀዳ ቁጥር ይሞላል። ሕፃኑ ደጋግሞ ሲጠባ ሰውነቷ ብዙ ወተት እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። ስለዚህ መድኃኒቱ አራት ነገር ነው፤ ሕፃኑን ከሰውነቷ ጋር አስጠግታ ደጋግማ እንድታጠባ ማበረታታት፣ በቂ ምግብና ውሃ መስጠት፣ የምታርፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት፣ ከጎኗ ሆና የምታጽናናት ሴት ማግኘት።

ሌላው ስጋት «ራሷ ሳትበላ ምን ታጠባዋለች?» የሚለው ነው። በምግብ እጥረት የከሳች እናትም አብዛኛውን ጊዜ ለልጇ የሚበቃ ወተት አላት። ግን ይህን የምታደርገው ከራሷ ሥጋ እየከፈለች ነው። እሷን ትተን ልጁን ብቻ እንመግብ ካልን ሁለቱንም እናጣለን። እሷን ስንመግብ ግን ሁለቱም ይተርፋሉ። የዛሬው መልእክታችን በአጭሩ ይኸው ነው።

በሲራ መጻሕፍት የሐሊማ አስ-ሰዕዲያን ታሪክ ታውቃላችሁ። ወደ መካ የመጣችው ድርቅ በመታው ዓመት ነበር። የራሷ ሕፃን ከረሃብ የተነሳ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድር ነበር፤ ግመሏም ወተት አልነበራትም። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና የቲሙን ሕፃን፣ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ወሰደች፤ አላህም በረካ አደረገላት። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሕፃንነት ታሪክ የተቸገረች አጥቢ እናት ታሪክም ነው።

ለማን ምን ይሰጥ?

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 የማጥባቱን ሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት ያደርገዋል። እዚያው አንቀጽ ላይ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ ይጥላል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መነገራቸው ያስተምረናል፤ እሷ ታጠባለች፣ ሌላው ይመግባታል። አባቱ በአደጋው ከሞተ ወይም ከጠፋ ያ ሸክም ወደ ዘመድና ወደ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ፣ ወደ እኛ ይመጣል።

ለነፍሰ ጡር፡ ከወትሮው በተጨማሪ በቀን አንድ ማዕድ ያስፈልጋታል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል (አይረንና ፎሊክ አሲድ) እንዳታቋርጥ እናስታውሳት። እንደ ጃዊ ባሉ የዞናችን ቆላማ ቦታዎች ደግሞ የአልጋ አጎበር ሲታደል ቅድሚያ የእሷና የሕፃናት ነው፤ ወባ ለነፍሰ ጡር እጅግ አደገኛ ነውና።

ለአጥቢ እናት፡ በቀን ሁለት ተጨማሪ ማዕድ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ዘይት ጨመር ያለበት የገብስ ገንፎ ወይም አጥሚት። ሩዝና ማካሮኒ ብቻ ሰጥተን «ረዳን» አንበል።

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን፡ የእናት ጡት ብቻ። ውሃም፣ ቅቤም፣ የአብሽ ውሃም አያስፈልገውም። የጡት ወተት የሚያስፈልገውን ውሃ ሁሉ ይዟል።

ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት፡ ከጡቱ ጋር ተጨማሪ ምግብ። እዚህ ላይ የምንሳሳተው ቀጭን ሙቅ በመስጠት ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ውሃ ይሞላዋል እንጂ አይጠግብም። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። የጥራጥሬ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት። የአገራችን ድንች ተቀቅሎ ተፈጭቶ ከእንቁላል ጋር ለሕፃን ጥሩ ምግብ ነው። ማር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ፡ ጡቱ አይቋረጥ፤ እንዲያውም ይጨመር። ብዙ ሰው «ለምለም» የሚለው ኦአርኤስ በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ከጤና ኬላ የሚታዘዝለት ዚንክም ቢሻለው እንኳ እስከታዘዘለት ቀን ድረስ ይውሰድ።

እንዴት እናውቃለን?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የያዙትን ባለቀለም የክንድ መለኪያ ሳታዩ አልቀራችሁም። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ልጅ የግራ ክንዱ መሐል ላይ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ከባድ የምግብ እጥረት አለበትና ዛሬውኑ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ክትትልና አልሚ ምግብ ያሻዋል። ሁለቱ እግሮቹ አብጠው፣ በአውራ ጣት ጫን ብለን ስንለቅ ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነም ክንዱ ወፍራም ቢሆን እንኳ ከባድ ሕመም ነው። ጡት ወይም ምግብ እምቢ የሚል፣ ፈዞ የሚተኛ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ ልጅ ነገን አይጠብቅም።

ለከባድ የምግብ እጥረት በጤና ተቋም የሚሰጠው ፕላምፒ ነት መድኃኒት ነው። ለወንድምና ለእህት የሚከፋፈል ወይም ገበያ የሚሸጥ ብስኩት አይደለም። ሆኖም እናቲቱ ቤት የቀሩ ሦስት ልጆች ከተራቡባት ማካፈሏ አይቀርም። ስለዚህ እሷን ከመውቀስ ለቀሩት ልጆች እህል ማድረስ ይሻላል።

እናቱ የሌለችውስ?

አንዳንዱ ሕፃን እናቱን በአደጋው ያጣል። ይህን ሕፃን ዱቄት ወተት ነፍጉት አላልንም። ቁም ነገሩ ጉዳዩ በጤና ባለሙያ እጅ መሆኑ ነው። ባለሙያው ሌላ የምታጠባ ሴት መኖሯን ያያል፤ የኤች አይ ቪ ምርመራዋንም ያረጋግጣል። እሷ ከሌለች ወተቱን ሳይቋረጥ፣ በጡጦ ሳይሆን በሚታጠብ ስኒ፣ አበጣጠሩን አሳይቶ ይሰጣል። በሕክምና ምክንያት ማጥባት ያልቻለች እናትም እንዲሁ፤ ክብሯን ጠብቀን ወደ ባለሙያ እናድርሳት፤ አናሳፍራት።

ሌላ ሴት ካጠባችው ደግሞ በዲናችን የጡት ዝምድና አለ። ልጁ ከእሷ ልጆች ጋር ወንድም ሊሆን፣ ወደፊትም ጋብቻ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ማን ማንን እንዳጠባ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ዝርዝር ሑክሙን ዑለማዎችን እንጠይቅ። ይህ ፍርሃት ግን ሕፃኑ እየተራበ እጅ ለማጠፍ ምክንያት አይሁን።

የእኛ ሥራ

1ኛ. ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ። መጠለያው ውስጥ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የጤና ጣቢያውን ነርስ «ምን ጎደለ?» እንበል። መልሱ ሳሙና፣ ጀሪካን ወይም ውሃ አጋር ሊሆን ይችላል።

2ኛ. «ለሕፃናት» ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ለእናቶች ማዕድ ይዋል። ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ እንቁላል እንግዛ። ጡጦና የዱቄት ወተት ይዞ የመጣ ሰው ካለ በአክብሮት ወደ ጤና ባለሙያው እንምራው፤ በመስመር አናድል።

3ኛ. መጋረጃ እንስቀል። በተጨናነቀ ትምህርት ቤት ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ወንድ በሞላበት አፍራ የማታጠባ ስንት እህት አለች! አንድ ገመድና ሁለት አንሶላ የሕፃን ሕይወት ያተርፋሉ። የመጸዳጃውም መንገድ መብራት ይኑረው። በጨለማ መውጣት የምትፈራ እናት ውሃ መጠጣት ታቆማለች።

4ኛ. በእደላ ሰልፍ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያዘለች እናት ትቅደም። ከባድ ጆንያ ካላት እኛ እንሸከምላት።

5ኛ. የኩፍኝ ክትባትና የቫይታሚን ኤ ዘመቻ ሲመጣ ድንኳን ለድንኳን ዞረን እንንገር። በምግብ እጥረት የደከመን ልጅ ኩፍኝ ቶሎ ይገድለዋል።

6ኛ. ሚዲያው ሲሄድ አንሂድ። መጀመሪያው ሳምንት እርዳታ ይበዛል፤ በሁለተኛው ወር ግን መጠለያው ጭር ይላል። ሕፃኑ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መጥባት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለረመዳን እንያዝ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች እንድታፈጥር ሸሪዓ ገር አድርጎላታል። በመጠለያ ያለች የደከመች እናት ይህን ሩኽሳ በመውሰዷ ማንም አይገላምጣት። እንዲያውም ምሳዋን እኛ እናቅርብላት።

ጽሑፋችንን በዑመር (ረ.ዐ) እንደጀመርን በእርሳቸው እንጨርስ። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ «የአመድ ዓመት» በተባለው ድርቅ፣ ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ሥጋና ቅቤ አልቀምስም ብለው ነበር። እኛ ይህን ያህል ባንችል፣ የአንድ ቀን ምሳችንን ዋጋ ለአንዲት አጥቢ እናት ማስቀመጥ አያቅተንም። የእንጅባራም የዳንግላም ወጣት አደጋ ሲደርስ ብቻ ከመሯሯጥ ከአሁኑ ይዘጋጅ። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከሦስት ጓደኞቻችሁ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ነገር ተነጋገሩ፤ ነገ አንዲት አራስ ተፈናቅላ ብትመጣ ማን ምግቧን ይይዛል? ማን መጋረጃውን ይሰቅላል? ማንስ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳታል?

አላህ ሆይ፣ እናቶቻችንን ጠብቅልን። በመጠለያ ያሉትን ወደ ቤታቸው በሰላም መልስልን። ሕፃናቱን አሳድግልን። ኒያችንን ንጹሕ፣ እርዳታችንንም ጠቃሚ አድርግልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ።